ጫፉ ላይ ዜሮ፣ ውስጡ ገና፦ የቶካማክን ከረንት ያለ ትራንስፎርመር የማቆየት ስሌት፣ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቀን 1

ሥራውን ዛሬ ጀመርኩ። ቶካማክ ለፊዩዥን፣ ማለትም አቶሞችን አዋህዶ ኃይል ለማመንጨት፣ ፕላዝማን (ኤሌክትሮኖቹ ከአቶሞቹ የተላቀቁበትን እጅግ የጋለ ጋዝ) በቀለበት ቅርጽ የሚይዝ ማሽን ነው። የቶካማክን ፕላዝማ ከማዕከሉ እስከ ጫፉ ባለው ሬዲየስ ላይ ብቻ የሚከተል ትንሽ የኮምፒውተር ፕሮግራም ከባዶ እጽፋለሁ። ከዚያም ያለ ትራንስፎርመር እርዳታ ከረንቱ ሳይወጣና ሳይወርድ ጸንቶ የሚቆይበትን ሁኔታ በራሴ እጅ እፈልጋለሁ። ትልልቆቹ የምርምር ተቋማት እጅግ የረቀቁ ፕሮግራሞች አሏቸው። እኔ ግን ሌሎች የደረሱበትን ውጤት ማንበብ አልበቃኝም፤ እኩልታው ዐይኔ እያየ ሲሠራ መከታተል እፈልጋለሁ።

ጉዳዩ የሚያሳስበኝ በዚህ ምክንያት ነው። ቶካማክ ፕላዝማውን አጥሮ የሚይዘው በሁለት መግነጢሳዊ መስኮች ነው። አንዱን የሚፈጥሩት በቀለበቱ ዙሪያ የተደረደሩት ጥምጥም ሽቦዎች ናቸው። ሌላውን፣ የመስኩን መስመሮች እንደ ገመድ የሚያጠማዝዘውን፣ የሚፈጥረው ግን በፕላዝማው ውስጥ የሚፈስሰው ከረንት ነው። ከረንቱ ከጠፋ እስሩ ይፈታል። ይህ ከረንት ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ቶካማኮች ጀምሮ ሲነዳ የኖረው በትራንስፎርመር ነው፦ በቀለበቱ መሐል የቆመው ጥምጥም ሽቦ ከረንቱን ይለዋውጣል፤ ፕላዝማው እንደ ሁለተኛ ጥምጥም ሆኖ ቮልቴጅ ይቀበላል። ትራንስፎርመር ግን የሚሠራው ለውጥ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። የመሐሉ ሽቦ ወሰኑ ላይ ሲደርስ ለውጡ ያበቃል፣ ቮልቴጁም ይጠፋል። በትራንስፎርመር ብቻ የሚኖር ቶካማክ የቱንም ያህል ቢገዝፍ ዕድሜው አስቀድሞ የተለካ ነው።

ለስሌቱ የማሽን መጠን መምረጥ ነበረብኝ። በደቡብ ፈረንሳይ ካዳራሽ ከነበረው ከቶር ሱፕራ ጋር የሚቀራረብ መረጥኩ፤ ትልቁ ሬዲየስ (ከቀለበቱ መሐል እስከ ፕላዝማው ማዕከል) 2.4 ሜትር፣ ትንሹ (ከፕላዝማው ማዕከል እስከ ጫፉ) 0.72 ሜትር፣ መስኩ 3.8 ቴስላ፣ ከረንቱ 500 ሺህ አምፔር። የመረጥኩበት ምክንያት ግልጽ ነው። ይህ ማሽን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 4 ቀን 2003 ፕላዝማውን 6 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ አቆይቶ በዚያ ጊዜ ውስጥ 1 ቢሊዮን ጁል ኃይል አስገብቶ አስወጥቷል። በአማካይ 2.6 ሜጋዋት ማለት ነው። የሙቀቱንና የእፍግታውን (በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ብዛት) ቅርጽ ግን እኔው በግምት የማስቀምጠው ነው፤ ውጤቱን የቶር ሱፕራ ልኬት አድርጎ መውሰድ አይገባም።

ቀን 2

ዛሬ ኮድ አልነካሁም፤ በወረቀት ላይ ብቻ ሠራሁ።

ፕላዝማ በሞቀ ቁጥር ከረንትን የመቋቋም ጠባዩ፣ ማለትም ሬዚስቲቪቲው፣ ይዳከማል። ሙቀቱ 4 እጥፍ ሲያድግ ሬዚስቲቪቲው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ንጹሕ የሃይድሮጅን ፕላዝማ ወደ 16 ሚሊዮን ዲግሪ ሲደርስ ከመዳብ ጋር ይስተካከላል። እኔ ማዕከሉ ላይ 4 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት፣ ማለትም ወደ 46 ሚሊዮን ዲግሪ፣ አስቀመጥኩ። ከግድግዳ የሚገቡትን ባዕድ አቶሞች አስቤ ሬዚስቲቪቲውን በ2 ካበዛሁ በኋላ እንኳ 7 ናኖ ኦም ሜትር መጣልኝ፤ ከመዳብ ግማሽ ያነሰ ነው።

በዚህ ሒሳብ 500 ሺህ አምፔርን ለመንዳት በቀለበቱ ዙሪያ የሚያስፈልገው ቮልቴጅ 0.13 ቮልት ብቻ ሆነ። የአንድ የግድግዳ ሰዓት ባትሪ 1.5 ቮልት ነው፤ አንድ አስረኛው እንኳ አያስፈልግም። ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሠራሁት፤ አልተለወጠም። ሆኖም 0.13 ቮልት ያለማቋረጥ መከፈል ያለበት ዕዳ ነው። ትራንስፎርመሬ ለዚህ የሚተርፈው 10 ቮልት ሰከንድ (ቮልቴጅ በጊዜ ሲባዛ) ቢሆን በ77 ሰከንድ ተሟጥጦ ያልቃል።

ቀን 4

የመጀመሪያው ፕሮግራም ተጻፈ፤ ወዲያውም ፈነዳ።

እኩልታው አንድ ነው። ከረንቱ የሚፈጥረው መስክ በጊዜ የሚለወጠው የኤሌክትሪክ መስኩ በሬዲየስ ላይ በሚያሳየው ልዩነት ልክ ነው። የኤሌክትሪክ መስኩ ደግሞ ሬዚስቲቪቲው ሲባዛ በትራንስፎርመር በሚነዳው የከረንት ድርሻ ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ ሙቀት በብረት ዘንግ ውስጥ ከሚሰርግበት እኩልታ ጋር የሚመሳሰል ነገር ይወጣል፤ ከረንትም እንዲሁ በፕላዝማው ውስጥ ቀስ እያለ ይሰርጋል። ሬዲየሱን 100 ቦታ ከፈልኩት፤ የጊዜውን እርምጃ አንድ አስር ሺህኛ ሰከንድ አድርጌ አስነሣሁት። ገና ጥቂት እርምጃ ሳይሄድ ጫፉ አካባቢ ያሉት ቁጥሮች ከአዎንታዊ ወደ አሉታዊ እየተገለባበጡ ከትሪሊዮን አለፉ።

ምክንያቱን ማግኘት አልከበደኝም። ጫፉ ላይ ሙቀቱ 50 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ያለው ሬዚስቲቪቲ ከማዕከሉ ከ700 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ከረንት በቀዝቃዛው ጫፍ በፍጥነት፣ በሞቃቱ ማዕከል እጅግ ቀስ ብሎ ይሰርጋል። የነገውን ከዛሬው በቀጥታ የሚያሰላው ቀላል ዘዴ እንዳይፈነዳ እርምጃው ከ6.5 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ማነስ አለበት። የ60 ሰከንድ ሙከራ ከ9 ሚሊዮን በላይ እርምጃ ይጠይቃል። በዚህ መንገድ መቀጠል ውኃ መውቀጥ ነው።

ቀን 5

ዘዴውን ቀየርኩ። አሁን በእያንዳንዱ እርምጃ የሁሉም ነጥቦች አዲስ ዋጋ በአንድ ላይ ይፈታል። እያንዳንዱ ነጥብ የሚያውቀው ግራና ቀኝ ጎረቤቱን ብቻ ስለሆነ መፍትሔው አንድ ጊዜ ወደ ላይ፣ አንድ ጊዜ ወደ ታች በመሄድ ይገኛል። እርምጃውን እስከ አንድ መቶኛ ሰከንድ ባሳድገውም አይናወጥም።

አለመፈንዳቱ ግን ትክክል መሆኑን አያረጋግጥም። ስለዚህ መልሱ በወረቀት የሚታወቅ ፈተና ሰጠሁት። ሬዚስቲቪቲው በየቦታው እኩል 7 ናኖ ኦም ሜትር ቢሆንና ጠቅላላው ከረንት ባይለወጥ፣ በከረንቱ ቅርጽ ላይ ያለ መዛባት በቤሰል ፈንክሽን (በክብ ነገሮች ስሌት የሚመጣ የታወቀ የሒሳብ ቀመር) መልክ ይከስማል፤ የዘገምተኛው መዛባት የመክሰሚያ ጊዜ 6.34 ሰከንድ ነው። ፕሮግራሜ ግን ከዚህ የሚበልጥ ቁጥር ሰጠ። ሌሊቱን ሙሉ ስፈልግ አደርኩ። የመጨረሻውን ነጥብ ልክ ጫፉ ላይ ያስቀመጥኩ መስሎኝ ነበር እንጂ በእርግጥ ግማሽ ክፍል ወደ ውጭ አስወጥቼዋለሁ። ሳስተካክለው 6.35 ሆነ። ይህ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ሲወጣ የተሰማኝን ደስታ መደበቅ አልችልም።

ቀን 8

ከቀን 2 ጀምሮ የረሳሁት ነገር ነበር፤ የታጠሩት ኤሌክትሮኖች።

በቀለበቱ ውስጠኛ ጎን መግነጢሳዊ መስኩ ከውጭኛው ጎን ይበረታል። መስመሩን ተከትሎ የሚሄድ ኤሌክትሮን ወደ ፊት ያለው ፍጥነት አነስተኛ ከሆነ ብርቱው መስክ ዘንድ ሲደርስ ይመለሳል፤ በውጭኛው ጎን ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ይቀራል። መንገዱ ከጎን ሲታይ የሙዝ ቅርጽ አለው፤ በሙያው ውስጥም የሙዝ ምሕዋር ይባላል። እንዲህ የታጠረ ኤሌክትሮን ቀለበቱን ስለማይዞር ከረንት አይሸከምም። ከማዕከሉ በራቅን ቁጥር የታጠሩት ድርሻ ያድጋል፤ ሬዚስቲቪቲውም አብሮ ከፍ ይላል።

ቀላሉን ማስተካከያ አስገብቼ ፕሮግራሙን እንደገና አስነሣሁ። ቮልቴጁ ከ0.13 ወደ 0.29 ዘለለ። 77 ሰከንድ ያልኩት የትራንስፎርመር ዕድሜ ወደ 34 ወረደ። አንድ የረሳሁት ነገር ከግማሽ በላይ ዕድሜ ወሰደብኝ።

ሌላም ነገር ተለወጠ። ከረንቱ ሞቃቱና ያልታጠረው ማዕከል ላይ ተሰበሰበ፤ እዚያ ያለው ጥግግቱ በአንድ ካሬ ሜትር 2.8 ሚሊዮን አምፔር ገባ። መስመሮቹ ምን ያህል እንደተጠማዘዙ የሚለካው የደህንነት ቁጥር፣ ኪው የሚባለው፣ ማዕከሉ ላይ 0.91 ሆነ። ከ1 በታች ሲወርድ በእውነተኛ ማሽን ላይ የማዕከሉ ሙቀት እንደ መጋዝ ጥርስ ይወጣና በድንገት ይወርዳል። የእኔ ፕሮግራም ይህን አያውቅም። ለጊዜው ልብ ብዬው አልፋለሁ።

ቀን 12

ዛሬ ወደ ዋናው ነገር ገባሁ፦ ከረንቱን በሞገድ መንዳት።

እ.ኤ.አ. በ1978 ናትናኤል ፊሽ ያቀረበው ሐሳብ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ሞገድ በአንድ አቅጣጫ ሲጓዝ ከእርሱ እኩል የሚሮጡትን ኤሌክትሮኖች ይገፋል። ታዲያ የትኞቹን መግፋት ይሻላል? ብዙዎቹን ቀርፋፎች ወይስ ጥቂቶቹን ፈጣኖች? ፈጣኑን መግፋት ብዙ ኃይል ስለሚጠይቅ መጀመሪያ ሲታይ ኪሳራ ይመስላል። ነገር ግን ፈጣን ኤሌክትሮን ከሌሎች ጋር የመጋጨት ዕድሉ እጅግ ያነሰ ነው፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲያድግ ግጭቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። አንድ ጊዜ የተገፋ ፈጣን ኤሌክትሮን የተሰጠውን ግፊት ለረጅም ጊዜ ይዞ ይዞራል። ሒሳቡ ሲደመር ለፈጣኑ የተከፈለው ኃይል ብዙ እጥፍ ከረንት ይመልሳል። ሎወር ሃይብሪድ የሚባለው ሞገድ በዚህ መንገድ ይሠራል፤ ቶር ሱፕራ በ3.7 ጊጋ ኸርዝ ነበር የሚልከው። በመስኩ አቅጣጫ የብርሃንን ፍጥነት ግማሽ ያህል የሚጓዝ ሞገድ የሚይዘው ወደ 79 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ኃይል ያላቸውን ኤሌክትሮኖች ነው፤ በእኔ ማዕከል ካለው ሙቀት 20 እጥፍ ገደማ።

ሞገዱን ራሱን ተከትዬ ማስላት ከዚህ ሥራ ወሰን በላይ ነው። ስለዚህ በሙያው የተለመደውን መለኪያ ተጠቀምኩ። የሚነዳው ከረንት ከሚገባው ኃይል ጋር ያድጋል፤ ከእፍግታውና ከትልቁ ሬዲየስ ጋር ይቀንሳል። እፍግታዬ በአማካይ በሜትር ኩብ 20 ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ኤሌክትሮን ነው፤ መጠነኛ የሆነ የብቃት ቁጥር ስወስድ 1 ሜጋዋት 208 ሺህ አምፔር ይነዳልኛል። በ2.1 ሜጋዋት 437 ሺህ አምፔር ማለት ነው። ይህንን ከማዕከሉ ወጣ ብሎ፣ በሬዲየሱ 30 በመቶ ላይ፣ እንደ ጠባብ ቀለበት አስቀመጥኩት።

ውጤቱ አላማረኝም። መጨረሻ ላይ ማዕከሉ ከረንት አልባ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ኪው እዚያ ወደ 19 ወጣ። መሐሉ ባዶ የሆነ የከረንት ቀለበት ለመረጋጋት አይመችም። ቀለበቱን ወደ 20 በመቶ አስጠግቼ ሰፋ አደረግኩት፤ አሁን ማዕከሉ ላይ ኪው 3.4 ነው። ዝቅተኛው ዋጋ ጥቂት ወጣ ብሎ ከ2 በላይ ቆመ። ለ2 መቅረቡ አይመቸኝም፤ ለዛሬ ግን ይበቃል።

ቀን 13

ትላንት ስክሪኑ ላይ ያለፈ አንድ ነገር ሌሊቱን ሲመላለስብኝ አደረ። ዛሬ ሙሉ ቀን ለእርሱ ሰጠሁት።

ሞገዱን ስከፍተው ጫፉ ላይ የሚነበበው ቮልቴጅ ቶሎ ይወርዳል። በአራተኛው ሰከንድ ገደማ ዜሮ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ "በቃ፣ ከረንቱ ያለ ትራንስፎርመር ቆመ" ብዬ ማስታወሻ ልጽፍ ነበር። እስክሪብቶ ከማንሣቴ በፊት ግን የኤሌክትሪክ መስኩን በጠቅላላው ሬዲየስ ላይ እንዲስልልኝ አዘዝኩት። ጫፉ ላይ መስመሩ ዜሮ ላይ ተኝቷል። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ሞገዱ ከረንት የሚጨምርበት ቦታ ላይ ከዜሮ በታች ጎድጉዶ ይታያል፤ ማዕከሉ ላይ ደግሞ ገና አዎንታዊ ነው። ሁለቱ ተቻችለው ነው ጫፉን ጸጥ ያሰኙት።

ነገሩን ለራሴ እንዲህ አብራራሁት። የፕላዝማ ከረንት በድንገት መለወጥን ይቃወማል። ሞገዱ በአንድ ቦታ ላይ አዲስ ከረንት ሲጨምር በዚያው ቦታ ተቃራኒ የኤሌክትሪክ መስክ ይነሣና በትራንስፎርመር ይነዳ የነበረውን ከረንት በዚያው ልክ ይቀንሰዋል። በመጀመሪያዎቹ ቅጽበቶች ድምሩ ቅንጣት አይለወጥም። የሚለወጠው ያ ተቃራኒ መስክ ቀስ እያለ ወደ ግራና ቀኝ ሲሰርግ ነው። ማዕከሉ ሞቃት በመሆኑ ስርገቱ እዚያ ይዘገያል። ለፕላዝማ ኩራት የሆነው ሙቀት፣ ለሚጠብቅ ሰው የመዘግየት ምክንያት ነው።

በእኔ ማሽን መስኩ በየቦታው ጠፍጣፋ እስኪሆን ከ10 ሰከንድ በላይ ወሰደ። ከዚያ በፊት የታየው ሁሉ መሸጋገሪያ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በፕሮግራሜ ውስጥ "ረግቷል" የሚለው ፍርድ ከጫፉ ቮልቴጅ አይመጣም። በየትኛውም ነጥብ ላይ ያለው ትልቁ የኤሌክትሪክ መስክ ከመነሻው ዋጋ አንድ ሺህኛ በታች ሲሆን ብቻ ነው የሚሰጠው።

ይህን ካየሁ በኋላ በየጊዜው የሚወጡትን የቆይታ ክብረ ወሰኖች የማነብበት ዐይን ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2000 ስዊዘርላንድ ሎዛን ያለው ቲሲቪ የተባለ ቶካማክ በኤሌክትሮን ሳይክሎትሮን ሞገድ ብቻ ከረንቱን ለ2 ሰከንድ ያህል አቆይቶ ነበር። 2 ሰከንድ ለሰሚው ምንም አይደለም። ማሽኑ ትንሽ በመሆኑ ግን ከረንቱ ቦታ ቦታውን ለመያዝ ከበቂ በላይ ጊዜ ነው። በተቃራኒው በፈረንሳይ እየተገነባ ላለው ግዙፍ ቶካማክ ለኢተር፣ ትንሹ ሬዲየሱን 2 ሜትር፣ አማካይ ሙቀቱን 10 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ብዬ በቀን 5ቱ ቀመር ሳሰላ፣ አንዱ የመክሰሚያ ጊዜ ብቻ ወደ 193 ሰከንድ ይደርሳል። እዚያ 2 ሰከንድ የዐይን ጥቅሻ ነው።

ቀን 15

ኮዱን አጸዳሁ። ግራፎቹ አሁን ሦስት ናቸው፦ ከረንት፣ ኪው፣ የኤሌክትሪክ መስክ። ሌላ የሠራሁት የለም።

ቀን 17

ፕላዝማው በራሱ የሚያመነጨውን ከረንት፣ ቡትስትራፕ የሚባለውን፣ አስገባሁ። እ.ኤ.አ. በ1971 ቢከርተን፣ ኮነርና ቴይለር ቶካማክን ያለማቋረጥ ለማሠራት ሊያገለግል እንደሚችል ጽፈውበት፣ በትልቅ ቶካማክ ላይ በግልጽ የታየው በ1980ዎቹ መጨረሻ በፕሪንስተኑ ቲኤፍቲአር ነው። ምንጩ እነዚያው ሙዝ መንገድ የሚሄዱት የታጠሩ ኤሌክትሮኖች ናቸው። ግፊቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚቀንስ፣ በአንድ ነጥብ ላይ ከውስጥ በኩል የሚመጡት ከውጭ ከሚመጡት ይበዛሉ፤ ይህ ሚዛን ማጣት በግጭት አማካይነት ላልታጠሩት ይተላለፍና ከረንት ይሆናል። ቀን 8 ላይ ዕድሜ የወሰዱብኝ ኤሌክትሮኖች እዚህ ከፊል ዕዳቸውን ከፈሉ።

ኮዱ መጀመሪያ ማዕከሉ ላይ ትርጉም የለሽ ትልቅ ቁጥር ሰጠ። ቀመሩ የግፊቱን ቁልቁለት ከረንቱ በሚፈጥረው መስክ ያካፍላል፤ ማዕከሉ ላይ ሁለቱም ዜሮ ናቸው። በወረቀት ላይ ሁለቱም ከሬዲየሱ ጋር እኩል ስለሚያድጉ ይጣፋሉ፤ በሚቀረው ምክንያት የቡትስትራፕ ከረንት ማዕከሉ ላይ ዜሮ ይሆናል። ኮምፒውተሩ ግን ዜሮን ለዜሮ ሲያካፍል ይህን አያውቅለትም። የመጀመሪያውን ነጥብ በእጄ ጻፍኩለት።

ቀጥሎ መጠኑ አጠራጠረኝ። ግፊቱን በጥቅል የሚወስደው ቀላል ቀመር 120 ሺህ አምፔር ይሰጣል። ነገር ግን የእፍግታ ቁልቁለት ከሙቀት ቁልቁለት የበለጠ ይነዳል፤ የእኔ ፕላዝማ ደግሞ ሙቀቱ ሹል፣ እፍግታው ዝርግ ነው። ሁለቱን ለያይቼ ስሠራው ወደ 60 ሺህ ወረደ። ያሳዝናል፤ እውነቱ ግን ይህ ነው። ከሞገዱ 437 ሺህ ጋር ሲደመር 497 ሺህ ሆነ፤ 500 ሺህ ለመሙላት 3 ሺህ ብቻ ቀረው።

ቀን 20

ዛሬ አንድ ሰዓት ያህል ትልቅ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

ሙቀቱንም ከከረንቱ ጋር አብሮ እንዲለወጥ አድርጌው ነበር። የኪው ቅርጽ ማዕከሉ አካባቢ ወደ ላይ ሲታጠፍ ሙቀት የሚያመልጥበት ፍጥነት ይቀንሳል፤ የሞገዱም ብቃት ከሙቀቱ ጋር ያድጋል። ሙከራው ሲረጋ በመጠበቅ ላይ ሳለሁ የማዕከሉ ሙቀት ወደ ላይና ወደ ታች መወዛወዝ ጀመረ። ውብ፣ እኩል፣ የማያባራ ነበር። በቶር ሱፕራ ላይ የጫፉ ቮልቴጅ ዜሮ በሆነባቸው ሙከራዎች የማዕከሉ ሙቀት እንዲህ ሲወዛወዝ መታየቱንና እ.ኤ.አ. በ2003 መታተሙን አውቃለሁ። ከረንቱና ሙቀቱ እንደ አዳኝና ታዳኝ አንዱ ሌላውን እያሳደደ የሚፈጥሩት መወዛወዝ ነው። ያን በገዛ ኮዴ ውስጥ ያየሁ መስሎኝ ልቤ መታ።

ከመደሰት በፊት የጊዜውን እርምጃ በግማሽ ቀነስኩት። የመወዛወዙ ጊዜም ልክ በግማሽ ቀነሰ። እንደገና ቀነስኩ፤ እንደገና በግማሽ። እውነተኛ መወዛወዝ ቢሆን ኖሮ የእኔ እርምጃ ትንሽ ትልቅ መሆኑ ግድ አይሰጠውም ነበር። ምንጩ ይህ ነበር፦ የሞገዱን ከረንት የማሰላው ባለፈው እርምጃ ሙቀት ነበር፤ ሙቀቱን ደግሞ በአዲሱ ከረንት። ሁለቱ በአንድ እርምጃ እየተላለፉ በየተራ ይገለባበጣሉ። በእያንዳንዱ እርምጃ ውስጥ ሁለቱ እስኪስማሙ ደጋግሞ እንዲያሰላ አደረግኩ፤ መወዛወዙ ጠፍቶ ሙቀቱ ቀጥ ብሎ ረጋ።

ቅር ብሎኛል። ማሽኑ ላይ የታየው እውነተኛ ነው፤ የእኔው ግን አልነበረም።

ቀን 23

ኮዱ ብቻውን እየሠራ ሳለ በወረቀት ላይ ወደ ትልቁ ማሽን ሄድኩ። ኢተር በትራንስፎርመር በሚነዳው ዋና ዕቅዱ 15 ሚሊዮን አምፔር ይፈልጋል፤ ትልቁ ሬዲየሱ 6.2 ሜትር ነው። እፍግታውን በሜትር ኩብ 100 ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ብዬ፣ ከእኔ ማሽን 3 እጥፍ የተሻለ ብቃት ሰጥቼ፣ ያን ሁሉ ከረንት በሞገድና በተፋጠኑ አቶሞች ብቻ መንዳት ምን ያስከፍላል? 310 ሜጋዋት። ኢተር እንዲያመነጭ የታሰበው የፊዩዥን ኃይል 500 ሜጋዋት ነው፤ ያውም በሙቀት መልክ። 310 ሜጋዋት ወደ ፕላዝማው ለማስገባት ደግሞ ከመስመር የሚወሰደው ኤሌክትሪክ ከዚያ በጣም ይበልጣል። ይህን መንገድ እስከ መጨረሻው ሄዶ ጣቢያ መገንባት አይቻልም።

ስለዚህ ነው ያለማቋረጥ ለሚሠራበት ዕቅድ ከረንቱን ወደ 9 ሚሊዮን አምፔር አካባቢ አውርደው፣ ግማሽ ያህሉን ፕላዝማው በራሱ እንዲያመነጭ የሚፈልጉት። እፍግታውን ወደ 70 ባወርደው 9 ሚሊዮኑ በሙሉ 130 ሜጋዋት ይጠይቀኛል፤ ግማሹን ቡትስትራፕ ከሸከመው 65 ይቀራል። ይህ ሊታሰብ የሚችል ቁጥር ነው። የወደፊቱ ጣቢያ ከግማሽም አልፎ አብዛኛውን ከረንት ከራሱ ማግኘት ይኖርበታል። ችግሩ የቡትስትራፕ ከረንት የሚገኘው ግፊቱ ገደላማ ከሆነበት ቦታ መሆኑ ነው፤ የግፊት ገደል ደግሞ በአንድ እጅ ከረንት እየሰጠ በሌላው መረጋጋትን ይነሣል። በሚቀጥሉት ዓመታት ከቶካማክ ሰዎች መስማት የምፈልገው የዚህን ሁለት እጅ ወሬ ነው።

ቀን 26

የመጨረሻው ሙከራ። እስከ ዛሬ ጠቅላላውን ከረንት በኃይል 500 ሺህ ላይ ይዤው ነበር፤ ትራንስፎርመሩ ጎዶሎውን ይሞላል ማለት ነው። ዛሬ ለቀቅኩት። ጫፉ ላይ ቮልቴጁ ዜሮ ይሁን፣ ከረንቱ ራሱ የሚሄድበትን ይሂድ አልኩ።

እዚህ ላይ ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመኝ፤ ሁሉም ነገር ዘገየ። ወደ ወረቀቱ ስመለስ ምክንያቱ እዚያው ነበር። ጠቅላላው ከረንት ነጻ ሲሆን የሚሠራው የቤሰል ፈንክሽን ሌላ ነው፤ ዘገምተኛው መዛባት ለመክሰም 2.5 እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። መዛባቱ እስኪከስም ታገሥኩ። ከረንቱ 497 ሺህ ላይ ቆመ።

ከዚያ በ150ኛው ሰከንድ እፍግታውን በ10 በመቶ ከፍ አደረግኩ፤ በእውነተኛ ማሽን ከግድግዳው ጋዝ ሲለቀቅ የሚሆነውን ለማየት ነው። የሞገዱ ከረንት ወዲያው ቀነሰ፣ ቡትስትራፑ ጥቂት ጨመረ፣ ጠቅላላው ወደ 470 ሺህ መውረድ ጀመረ። ከረንቱን እያየ ኃይሉን የሚያስተካክል መቆጣጠሪያ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ቸኮለ። ከረንቱ የሚዘገይ መሆኑን ሳያውቅ ኃይሉን ከሚገባው በላይ ጨመረ፤ ከረንቱ 520 ሺህ ደርሶ ተመለሰ። ጥድፊያውን በአምስት እጥፍ ቀነስኩለት። አሁን ኃይሉ ከ2.1 ወደ 2.28 ሜጋዋት በእርጋታ ወጥቶ ቆመ፤ ከረንቱም ወደ 497 ሺህ ተመለሰ።

የቶር ሱፕራን 390 ሰከንድ ሙሉውን አስኬድኩት። ያው ማሽን በኋላ በተንግስተን ግድግዳ እንደገና ተሠርቶ ዌስት ተብሏል፤ እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 2025 ፕላዝማውን 1,337 ሰከንድ አቆይቷል። ከዚያ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ የቻይናው ቶካማክ ኢስት 1,066 ሰከንድ ደርሶ ነበር። ፕሮግራሙ 390ውን ሲጨርስ ወደ 1,337 አስረዝሜ እንደገና ለቀቅኩት። ከ150ኛው ሰከንድ ረብሻ በኋላ ግራፉ ላይ አንድ ጉብታ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ሦስቱም መስመሮች አግድም ናቸው። በየትኛውም ሬዲየስ ላይ የቀረው ትልቁ የኤሌክትሪክ መስክ ከመነሻው አንድ ሺህኛ በታች ነው፤ ማዕከሉም ጭምር።